አብሬያቸው የተጫወትኳቸውን ልጆች እንዴት ላሰልጥን?

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፣

ዓምድዎን ማንበብ ከጀመርኩ ቆይቻለሁ፤ አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አላሰብኩም ነበር።

የ27 ዓመት ወጣት ነኝ። የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ከጥቅምት ጀምሮ እዚሁ ከተማ ያለ አንድ ኮሌጅ የወንዶች ቅርጫት ኳስ ቡድን አሰልጣኝ ሆኛለሁ። ሲያወሩት ደስ ይላል፤ ውስጡ ሲገቡ ግን ሌላ ነው።

የተማርኩት እዚያው ኮሌጅ ነው፤ የተጫወትኩትም እዚያው ቡድን ውስጥ ነው። ከተመረቅኩ በኋላ ሁለት ዓመት የአሰልጣኛችን ረዳት ሆኜ ሠራሁ። ረዳት ማለት ኳስ መንፋት፣ ማልያ መቁጠር፣ ስም መጥራት ነው። አሰልጣኛችንን ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው። ባለፈው ሰኔ ጡረታ ሲወጡ «እንግዲህ አንተው ያዘው» ተባልኩ። በቃ፣ የተሾምኩት እንደዚያ ነው።

አሁን ካሉት ተጫዋቾች አራቱ አብረውኝ ተጫውተዋል። አንዱ የልብ ጓደኛዬ ነው። ሁለት ዓመት አንድ ዶርም ኖረናል። አባቱ ሲሞቱ ትምህርቱን አቋርጦ አገሩ ገባ፤ ቆይቶ ተመለሰና አሁን የመጨረሻ ዓመት ላይ ነው። ኳስ ይዞ ጨዋታውን የሚመራልን እሱ ነው። ከሰዓት በኋላ የሰው ባጃጅ ይነዳል።

በመጀመሪያው ቀን ልምምድ ሰበሰብኳቸውና «ከዛሬ ጀምሮ ኮች በሉኝ፤ አንተ ማለቱም ይቅር» አልኳቸው። ዝም አሉ። ጓደኛዬ ብድግ ብሎ፣ ጎንበስ ብሎ «እሺ ጌታው፣ ኳሱን ያቀብሉን?» አለኝ። ሁሉም በሳቅ ፈረሱ። እኔም የሳቅኩ መሰልኩ። ከዚያ ወዲህ ትእዛዝ በሰጠሁ ቁጥር ያ ሳቅ ይሰማኛል።

ስለዚህ መጮህ ጀመርኩ። ጋሼ ይጮሁብን ነበር፤ ይሰድቡንም ነበር። «አንተ ድንጋይ!» ሲሉን እየሳቅን እንሮጥ ነበር። እኔ «ድንጋይ» ያልኩት ልጅ ግን ሁለት ቀን ከልምምድ ቀረ።

ጋሼ ደግሞ ዛሬም አልቀሩም። በየቀኑ 11 ሰዓት ሲሆን መጥተው የሜዳው ዳር ሲሚንቶ ደረጃ ላይ ይቀመጣሉ። ፊሽካቸው አንገታቸው ላይ ነው። እኔ «ዞን!» ስል፣ ማለትም እያንዳንዱ የራሱን ቦታ ይጠብቅ ስል፣ እሳቸው «ሰው በሰው ያዙ!» ይላሉ። ልጆቹ ወደ እሳቸው ያያሉ። ምን ልበላቸው? የመጀመሪያ የስፖርት ጫማዬን የገዙልኝ እሳቸው ናቸው።

ጥር ላይ ከሌሎች ኮሌጆች ጋር ውድድር ነበረን። በሦስተኛው ኳርተር በ9 ነጥብ እየመራን ነበር። ጓደኛዬ ሁለት ኳስ አከታትሎ ተነጠቀ፤ ጮህኩበት። እሱም በሰው ፊት «አንተ ራስህ መቼ ተከላክለህ ታውቃለህ?» አለኝ። ቀየርኩት። እስከ መጨረሻው አላስገባሁትም። ጋሼ ከተመልካች መሃል «ልጁን አስገባው እንጂ!» ይላሉ፤ እንዳልሰማ ሆንኩ። በ4 ነጥብ ተሸነፍን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሦስት ሳምንት ልምምድ አልመጣም። አንነጋገርም። ከልጆቹ ግማሾቹ «ድሮም ሲያረፍድ ዝም ይለው ነበር፤ ለጓደኛው ያዳላል» ይላሉ። ግማሾቹ «ልጁን በሰው ፊት አዋረደው» ይላሉ። የእህቴ ባል የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አለው፤ «መጥተህ ሂሳብ ያዝልኝ» ብሎኛል። ልተወው ይሆን? ለዚህ ሥራ አልተፈጠርኩ ይሆን?

ግራ የገባው ኮች፣ ከባሕር ዳር

* * *

ወንድሜ ኮች፣

«ኳሱን ያቀብሉን» የሚለው ላይ ስደርስ ሳቄ አመለጠኝ። ይቅርታህን። ቀጥዬ «እኔም የሳቅኩ መሰልኩ» ያልከውን አነበብኩና ሳቄን ዋጥኩት። እስቲ ከእሷው እንጀምር።

በእኛ ቋንቋ ከሰው ጋር ያለህ ቅርበት ግሱ ላይ ይወጣል። «ና» ወይም «ይምጡ» ሳትል ሰው መጥራት አትችልም። መሃል ላይ መቆሚያ የለም። ሁለት ዓመት አንድ ዶርም የኖረ፣ አንድ ዳቦ ለሁለት የተካፈለ ሰው በአንድ ከሰዓት ግሱን ቀይር ሲባል ምላሱ አይታዘዝለትም። የጓደኛህ ቀልድ ጥሩ ነበር አልልም። ንቀት ነው ብዬም አልደመድምም። ሰው ሲደነግጥም ይቀልዳል። አጠገቡ ተቀምጦ የነበረ ጓደኛው ድንገት ተነስቶ ሌላ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ያየው እሱ ነዋ።

እኔም በ23 ዓመቴ ገጠር ውስጥ አስተማሪ ሆኜ ስመደብ፣ ክፍሌ ውስጥ በዕድሜ የሚበልጡኝ ልጆች ነበሩ። ፈራሁ። ድምፄን አወፍር ጀመር። የድሮ አስተማሪዬ ከመናገራቸው በፊት ሁለት ጊዜ የመሳል ልማድ ነበራቸው፤ እኔም ሳሉን ሳይቀር ኮረጅኩ። በሁለተኛው ሳምንት ከበሩ ስገባ ክፍሉ በሙሉ ቀድሞኝ ሁለት ጊዜ ሳለ። በራሴ ጉሮሮ መናገር የጀመርኩት ከዚያ ቀን ወዲህ ነው።

«እርስዎ»ን ተወው። «ኮች» ይበቃሃል። ይህ ቃል ደግ ቃል ነው፤ አንተም አንቱም አልተጻፈበትም። «ኮች፣ እስቲ ና እየኝ» ቢሉህ ምን ይጎድልብሃል? አዲስ የገቡት ልጆች በራሳቸው እርስዎ ካሉህ ይበሉህ። አብረውህ የተጫወቱትን አራቱን ግን አታስገድዳቸው።

እውነቱን ልንገርህ፤ ስለ ቅርጫት ኳስ የማውቀው ኳሱ ቅርጫቱ ውስጥ መግባት እንዳለበት ነው። ስለዚህ ነገርህን ይዤ ሰፈራችን ያሉ አንድ የስፖርት መምህር ጋ ሄድኩ። ማን እንደሆንክ አልነገርኳቸውም፤ እኔስ መች አውቅሃለሁ። ሻይ ይዘን አመሸን። «ለዚህ ሥራ አልተፈጠርኩ ይሆን?» ያልከውን ሳነብላቸው ሳቁና ጨዋታውን ስለፈለሰፈው ሰውዬ አጫወቱኝ። ጄምስ ኔይስሚዝ ይባላል፤ በፈረንጆች 1891 አሜሪካ ስፕሪንግፊልድ ከተማ ውስጥ ነው ያስጀመረው። በኋላ ካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ አሰለጠነ። 55 ጊዜ አሸንፎ 60 ጊዜ ተሸነፈ። በዚያ ዩኒቨርሲቲ የወንዶች ቡድን ታሪክ ካሸነፈው የተሸነፈው የሚበልጥ አሰልጣኝ እሱ ብቻ ነው። ደንቡን የጻፈው ሰውዬ! በአንድ የጥር ጨዋታ ለፈረድክበት ራስህ ይህን ንገረው።

ያጫወቱኝ ሌላው ታሪክ ግን ይበልጥ ያንተ ነው። በፈረንጆች 1974 ቴነሲ ዩኒቨርሲቲ የሴቶች ቡድኑን ለአንዲት የ22 ዓመት ልጅ ሰጣት። በኋላ ፓት ሰሚት ተብላ የታወቀችው ናት። ከተጫዋቾቿ አንዳንዶቹ ከእሷ የሚያንሱት በአንድ ዓመት ብቻ ነበር። ደመወዟ በወር 250 ዶላር ነው። የቡድኑን መኪና ራሷ ትነዳለች፤ ማልያውን ራሷ ታጥባለች። የመጀመሪያ ጨዋታዋን በአንድ ነጥብ ተሸነፈች። በፈረንጆች 2012 ሥራውን ስታቆም 1,098 ጨዋታ አሸንፋ 8 ጊዜ የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆና ነበር።

መምህሩ ዋንጫዎቹን ሲቆጥሩልኝ እኔ ማልያው ላይ ቀርቼ ነበር። ማልያቸውን ያጠበችላቸው፣ ዕድሜያቸው ዕድሜዋ የሆነ ልጆች ናቸው ሩጡ ስትላቸው የሚሮጡት። አንተ «ረዳት ማለት ኳስ መንፋት፣ ማልያ መቁጠር» ስትለኝ ትንሽ የማፈር ነገር አየሁብህ። ለምን? የእያንዳንዱን ልጅ የጫማ ቁጥር የምታውቅ ይመስለኛል። ማን ቁርስ ሳይበላ እንደሚመጣ፣ የማን ጉልበት እንደሚያመው ታውቃለህ። ይህን ሁለት ዓመት ስትሰበስብ የከረምከውን ነገር፣ ኮች በሆንክ ማግስት ከማልያው ጋር ስቶር ውስጥ የቆለፍክበት መሰለኝ።

ስለ ስድቡ ጠይቀኸኛል ባይባልም ልመልስልህ። ጋሼ «ድንጋይ» ያሉት ጫማ የገዙለትን ልጅ ነው። አንተ ደግሞ ቃሉን ብቻ ነው የወሰድከው። የእሳቸው ጩኸት የራሳቸው ነው፤ አንተ ጋ ሲመጣ ልክ የሌላ ሰው ኮት ትከሻህ ላይ እንደዋለ ነው። አንተ ያለህ ሌላ ነገር ነው። 27 ዓመትህ ነው፤ እግርህ ይሮጣል። ጋሼ ደረጃው ላይ ሆነው ብቻ የሚናገሩትን አንተ ሜዳ ገብተህ ታሳያለህ። ልጁ ሲሳሳት ጨዋታውን አቁም፣ ኳሱን ተቀበል፣ አድርገህ አሳየው፣ መልስለት። ለአንድ ሳምንት ብቻ እስቲ እንደዚህ ሞክረው፤ ስንት ጊዜ መጮህ እንዳስፈለገህ ቁጠር።

አሁን ወደ ጓደኛህ እንምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣህ ነው፤ ታገሠኝ።

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጎንበስ ብሎ የቀለደብህን፣ በሰው ፊት የመለሰልህን በደንብ ጽፈሃል። ስለ ባጃጁ የጻፍከው ግን አንድ መስመር ነው። «ከሰዓት በኋላ የሰው ባጃጅ ይነዳል»፤ አለቀ። የሰው ባጃጅ የሚነዳ ሰው ማታ ለባለቤቱ ገቢ ማስገባት አለበት። ልምምዳችሁ 11 ሰዓት ነው። 11 ሰዓት ላይ ባሕር ዳር ምን ትመስላለች? ሠራተኛው ይወጣል፣ ተማሪው ይወጣል፣ ገበያተኛው ይመለሳል፤ ሰው ሁሉ ባጃጅ ፍለጋ መንገድ ዳር ይቆማል። ለአንድ ባጃጅ ነጂ ከቀኑ ሰዓት ሁሉ ጥሩው እሱ ነው። ጓደኛህ በየቀኑ እሱን ሰዓት ጥሎ ነው ወደ አንተ የሚመጣው፤ አንዳንዴ እየዘገየም ቢሆን። ገቢው ሲጎድል ከየት እንደሚሞላው ጠይቀኸው ታውቃለህ? አባቱ ከሞቱ ወዲህ እናቱን የሚጦረው ማን ነው? ከጨዋታው በፊት በነበረው ሌሊት ስንት ሰዓት ነው የተኛው? ልወቅስህ ብዬ አይደለም። መልሱን የምታውቅ ከሆነ ለምን ለእኔ እንዳልነገርከኝ፣ የማታውቅ ከሆነ ደግሞ ለምን እንዳልጠየቅከው ለራስህ እንድትመልስ ነው።

እንደገባኝ ነገሩ የተበላሸው ጥር ላይ አይደለም። ሲያረፍድ ለምን እንደሚያረፍድ ገብቶህ ዝም አልክ። ጓደኛ ነህና አዘንክለት። ደግ ነገር ነው። ግን ለእሱም አልነገርከው፣ ለቡድኑም አልነገርክ። እሱ «ፈቅዶልኛል» ብሎ አሰበ። ልጆቹ «ያዳላለታል» አሉ። አንተ ደግሞ ሆድህ ውስጥ ትቆጥር ነበር፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ጨዋታው ቀን ላይ ሁለት ኳስ ሲነጠቅ የጮህከው ለሁለቱ ኳስ ብቻ ነው ትላለህ?

መቀየርህን አልነቅፍም። በሰው ፊት እንደዚያ የሚመልስ ተጫዋች ወጥቶ ቢያርፍ ተገቢ ነው፤ መምህሩም ይህን ብለዋል። እስከ መጨረሻው እዚያው መተውህ ግን እልህ ነው። መሪነታችሁ ሲቀንስ፣ 9ኙ ነጥብ ሲያልቅ እያየህ፣ እሱን ከማስገባት መሸነፉን መረጥክ። ይህን ስጽፍልህ እንደሚያምህ አውቃለሁ። አንተም ግን ታውቀዋለህ፤ አለዚያ የጋሼን ጩኸት «እንዳልሰማ ሆንኩ» ብለህ አትጽፍልኝም ነበር።

መምህሩ አንድ ነገር ጠይቂልኝ ብለውኛል። በሁለተኛው አጋማሽ ሦስት ታይምአውት፣ ጨዋታውን አስቁመህ ልጆቹን የምታናግርበት ዕረፍት፣ አለህ፤ ስንቱን ተጠቀምክ? ለካ ሦስቱንም ለመጨረሻዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ካስቀመጥካቸው አንዷ ትቃጠላለች፤ እዚያ ላይ የሚፈቀደው ሁለት ብቻ ነው አሉኝ። አንዷ ታይምአውት አንድ ደቂቃ ናት። «ውሃ ጠጣ፣ ተንፍስ፣ ትንሽ ቆይተህ ትገባለህ» ለማለት ግማሹ ይበቃል። ለእሱ ብቻ አይደለም፤ አንተም መተንፈስ ነበረብህ። ለሚቀጥለው ውድድር ከተቀያሪዎቹ አንዱን ረጋ ያለ ልጅ ምረጥና ታይምአውቱን እንዲቆጥርልህ አድርግ። ፊትህ ሲቀላ እጅጌህን እንዲጎትትህም ንገረው።

እንግዲህ ምን ታደርጋለህ? ስልክ አትደውል። በልጆቹም አትላክበት። ባጃጁ የሚሰለፍበትን ቦታ ታውቃለህ አይደል? ሂድና ኮንትራት ያዘው። የምሬን ነው። ሥራውን አስፈትተህ «ና ሻይ እንጠጣ» ካልከው ልቡ ገቢው ላይ ይሆናል። ኮንትራት ከያዝከው ግን ጊዜው ያንተ ነው፤ እሱም ገንዘቡን አያጣም። ደግሞ ባጃጅ ለዕርቅ የተሠራ ነው እላለሁ እኔ። እሱ ወደ ፊት ያያል፣ አንተ ከኋላ ትቀመጣለህ። ዓይን ለዓይን ሳትተያዩ የከበደውን ቃል ማውጣት ትችላላችሁ። በጊዮርጊስ በኩል ወደ ጣና ዳር ይውሰድህ። ከፈለጋችሁ ውረዱና ውሃውን እያያችሁ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሂሳቡን ክፈል። አልቀበልም ይልሃል፤ ክፈል።

ንግግር አታዘጋጅ። ሁለት ነገር ግን ለያይተህ ያዝ። አንደኛው ይቅርታው ነው፤ «ወንበር ላይ የተውኩህ ለጨዋታው ብዬ አልነበረም፣ ተናድጄብህ ነው፤ ይቅርታ አድርግልኝ» በለው። «ግን አንተም…» ብለህ አትቀጥልበት። «ግን» የምትል ቃል ስትመጣ ከንፈርህን ንከስ። ከዚያ ስለ ሰዓቱ ጠይቀው። ስንት ቀን መምጣት እንደሚችል፣ የትኛው ቀን እንደሚከብደው ይንገርህ። አዳምጠው። ምናልባት ልምምዱ ሁለት ቀን ጠዋት 12 ሰዓት ቢሆን ለሁላችሁም ይሻል ይሆናል። የባሕር ዳርን ሙቀት ለእኔ አትነግረኝም፤ ጠዋት አየሩ ቀዝቃዛ ነው፣ ባጃጁም ገና ሥራ አልደመቀለትም። ይህን ግን ለእሱ ብለህ ብቻህን አትወስን። ቡድኑን ጠይቅ፤ ሌላም ችግሩን ያልነገረህ ልጅ ሊኖር ይችላል።

ሁለተኛው ነገር ደንቡ ነው። ቡድኑን ሜዳው ላይ አስቀምጣቸውና አንተም ቁጭ በል። አትቁም። «የሚያረፍድ ሰው ቀድሞ ይደውል። ሳይደውል ያረፈደ የሚቀጥለውን ጨዋታ ከቤንች ይጀምራል። እኔም ካረፈድኩ ኳሶቹን ብቻዬን እለቅማለሁ» በላቸው። ጓደኛህ ይህን ከሌሎቹ ጋር እኩል ይስማ፤ ግን በባጃጁ ውስጥ አስቀድመህ ንገረው። ሁለተኛ በሰው ፊት እንዳይደነግጥ። ጥር ላይ የሆነውንም አንድ ጊዜ አንሳውና ተሳስቻለሁ በላቸው። ልጆቹ ይንቁኛል ብለህ ትፈራ ይሆናል። እኔ የፈራሁልህ ሌላውን ነው፤ ሳትናገረው ከቀረህ ግማሹ ቡድን የእሱ፣ ግማሹ ያንተ ሆኖ ሰኔ ይደርሳል።

ባይመለስስ? ሊሆን ይችላል። የመጨረሻ ዓመቱ ነው፤ ደክሞት ሊሆን ይችላል፤ ኳሱ ቅንጦት ሆኖበትም ሊሆን ይችላል። እንደዚያ ከሆነ ተጫዋች አጥተሃል፤ ጓደኛህን ግን ማጣት የለብህም። ባጃጁ ውስጥ ሆናችሁ ይህንንም በግልጽ አንሱት።

ጋሼን በተመለከተ እኔና መምህሩ አልተስማማንም። እሳቸው «ሽማግሌውን በዘዴ ከሜዳው ማራቅ ነው» ይላሉ። እኔ ደግሞ ማቅረብ ነው እላለሁ። አስበው እስቲ፤ ሰውየው ዕድሜ ልካቸውን 11 ሰዓት ሲል ሜዳ ላይ ነበሩ። ጡረታው ደብዳቤ ላይ ተጻፈ እንጂ እግራቸው አልሰማም። ፊሽካውንም ያላወለቁት አንተን ለመናቅ አይመስለኝም። ማንም «አመሰግናለሁ፣ አሁን እኔ ልያዘው» ብሎ ከአንገታቸው ላይ አልተቀበላቸውማ። አንተም «አንተው ያዘው» ተብለህ ገባህ፤ እሳቸውም በዚያው ወጡ። ርክክብ የሚባል ነገር አልነበረም።

ስለዚህ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤታቸው ሂድ። ቡናና ስኳር ያዝ። ከልጆቹም ሁለቱን ይዘህ ብትሄድ ጥሩ ነው። ቡናው ተፈልቶ እስኪያልቅ ስለ ሥራ አታንሳ። ከዚያ ለምናቸው። «ጋሼ፣ የልጆቹ ፍሪ ስሮው ደካማ ነው፤ ረቡዕ ረቡዕ የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት እርስዎ ይያዙልኝ» በላቸው። ያቺ ማንም ሳይከለክል ከሰሌዳው 4 ሜትር ከ60 ላይ ቆሞ መወርወር የእግር ጉልበት አትጠይቅም፤ የሳቸውን ዓይንና ትዕግሥት ነው የምትፈልገው። ቀጥለህ ደግሞ የከበደህን ተናገር፤ «ሁለት ድምፅ ሲሰሙ ልጆቹ ይደናገራሉ። ጨዋታ ላይ አጠገቤ ይቀመጡና ያዩትን በጆሮዬ ይንገሩኝ።» እሺ ካሉህ ደግሞ በእውነት ስማቸው። «ልጁን አስገባው» ያሉህ እኮ ልክ ነበሩ።

ሊቆጡ ይችላሉ። «እኔን ልታስተምር ነው?» ሊሉህ ይችላሉ። ዝቅ ብለህ ጉልበታቸውን ሳምና ቡናህን ጠጣ። በሚቀጥለው ረቡዕ 11 ሰዓት ላይ ይመጣሉ ብዬ ነው የምጠብቀው። ካልሠራ መልሰህ ጻፍልኝና የመምህሩን ዘዴ እጠይቅልሃለሁ፤ እሳቸውም ደስ ይላቸዋል።

የእህትህን ባል ሱቅ አላጣጥልብህም፤ የተከበረ ሥራ ነው። ግን አሁን አትመልስለት። «እስከ ሰኔ ጠብቀኝ» በለው። ከዚያ በኋላ ክረምቱ ሜዳችሁን ውሃ ያደርገዋል፤ ለማሰብ ጊዜ ይኖርሃል። እስከዚያው አንድ ነገር ልብ በል። ማታ ከልምምድ ወደ ቤትህ ስትሄድ ምንድን ነው የምታስበው? «ዛሬ እንዴት አዩኝ?» ነው ወይስ «የዚያ ልጅ ግራ እጁ እንዴት ይስተካከል?» ነው? እስካሁን የመጀመሪያው እንደበዛብህ ከደብዳቤህ ያስታውቃል፤ በአራት ወር የሥራ ዕድሜ ይህ አይገርምም። ሰኔ ላይም እሱ ብቻ ከሆነ ያኔ ስለ ሱቁ እናወራለን።

ጓደኛህን በዚህ ሳምንት አግኘው፤ ከእሁድ በፊት ይሁን። ጋሼ «ልጁስ?» ማለታቸው አይቀርም፤ መልስ ይዘህ ሂድ። ስኳሩን ሁለት ኪሎ አድርገው። ፊሽካህን ደግሞ ቤት ተወው፤ ኪስህ ውስጥም ቢሆን ይዘህ እንዳትገባ።